ከባድ ጭነት በሚሸከሙ የማሽን አካላት ላይ ልባጥ ለምን ቶሎ ይላጣል? የኤስካቫተር ጃክ ሮድ ጉዳይ

የካባ ጥገና (ጥያቄ አቅራቢ)

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የባዛልት ድንጋይ ካባ የማሽነሪ ጥገና ክፍልን እመራለሁ። ከኤስካቫተሮቻችን የአንዱ የቡም (የዋናው ክንድ) ጃክ ሮድ፣ ማለትም ከዘይት ሲሊንደሩ የሚወጣውና የሚገባው ዘንግ፣ ድንጋይ ወድቆበት ከተሰረጎደ በኋላ፣ ለአንድ የግል ወርክሾፕ ተሰጥቶ የተጎዳው ቦታ በብየዳ ተሞልቶ፣ በቶርኖ ተስተካክሎና እንደገና ክሮም ተለብጦ ተመልሶልን ነበር። ሥራ ከጀመረ ጥቂት ወራት ሳይሞላው ግን ልባጡ በትናንሽ ቅርፊቶች እየተነሣ መላጥ ጀመረ፤ የተነሣው ጠርዝም ሲሉን (ዘይት የሚያግደውን ቀለበት) እየላጨው ዘይት ማፍሰሱ ስለ ቀጠለ ማሽኑን ለማቆም ተገደናል።

አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቦልኛል። አንደኛው ክሮሙን በእጥፍ አወፍሮ ማስለበጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሮዱን ወደ ውጭ ልኮ የተንግስተን ካርባይድ ርጭት ማስደረግ ነው። በክፍላችን ያለው ክርክር በሙሉ በጠጣርነት ቁጥር ላይ ያተኮረ ነው፤ ክሮሙ 900 ቪከርስ (የጠጣርነት መለኪያ) ገደማ፣ ካርባይዱ ደግሞ ከ1100 በላይ ስለሚነገርለት፣ ቁጥሩ ከፍ ያለው ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል የሚል ድምዳሜ ላይ ተደርሷል። እኔ ግን ቁጥሩ ብቻውን ውሳኔውን ሊሸከም ይችላል ብዬ ለማመን ተቸግሬያለሁ። በሥራው ላይ ያላችሁ እባካችሁ አስተያየታችሁን ስጡኝ፤ በባኬት ከንፈርና በክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ) መዶሻ ላይ የምናስደርገው የጠጣር ብየዳ ሙሌትም በዚሁ መለኪያ መመዘን ይገባው እንደሆነ ብትገልጹልኝ አመሰግናለሁ።

የማሽን ዲዛይን መምህር

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ክፍላችሁ የሚከራከርበት ሐሳብ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1953 እንግሊዛዊው ተመራማሪ አርቻርድ ያቀረበው ቀመር ነው። በቀመሩ መሠረት ሁለት አካላት ሲፋተጉ የሚበላው የብረት መጠን ከጭነቱና ከተንሸራተቱበት ርቀት ጋር በቀጥታ፣ ከሚበላው አካል ጠጣርነት ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በቀመሩ ውስጥ አንድ ማባዣ ቁጥር አለ፤ እርሱም እንደ ቅባቱ፣ እንደ አቧራው፣ እንደ ሁለቱ ብረቶች ዓይነት በሺዎች እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ጠጣርነትን ከ900 ወደ 1200 በማሳደግ የሚገኘው ጥቅም፣ ቅባት በማጣት ወይም አሸዋ በመግባት በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ቀመሩ የሚናገረው ልባጡ በቦታው ሆኖ ቀስ በቀስ ስለሚያልቅበት ሁኔታ ነው። የእርስዎ ሮድ ክሮም በቅርፊት ተነሣ እንጂ አላለቀም፤ ይህ ደግሞ ከመበላት የተለየ ጉዳት ነው። ጭነት የሚሸከመው በአብዛኛው ልባጡ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ብረት ነው። ለምሳሌ አንድ ሮለር በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ተጭኖ የሚነካው ጠባብ ሰቅ ግማሽ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ብረቱን ሊሸረካክት የሚሞክረው ኃይል የሚበረታው ገጹ ላይ ሳይሆን ከገጹ 0.78 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ነው። የክሮሙ ውፍረት ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን፣ ማለትም 0.02 ወይም 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ከሆነ ሲጫን ይሰምጣል፣ ልባጡ ግን አብሮ መሳብ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ፊቱ ብቻ የደረቀ ረግረግ ላይ እንደ መርገጥ ነው።

የኤስካቫተር ሮድ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ከክሮሙ በፊት የዘንጉን ገጽ በኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ ገጹን ብቻ በፍጥነት አሙቆ በማቀዝቀዝ) ያጠጥራሉ። በዚህ ሥራ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚደርስ ጥልቀት በሮክዌል (ሌላ የጠጣርነት መለኪያ) 55 ወይም ከዚያ በላይ ጠጣርነት ይኖረዋል፤ ቀጭኑ ክሮም የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። እንግዲህ መልስ ከመስጠቴ በፊት እንዲያጣሩልኝ የምፈልገው፣ ልባጡ የተላጠው በብየዳ በተሞላው ቦታ ላይ ብቻ ነው ወይስ በሌላም ቦታ፣ በዙሪያው ሁሉ ነው ወይስ በአንድ ጎን፣ ሮዱስ ድንጋዩ ከወደቀበት በኋላ ቀጥ ብሎ እንደሆነ ተለክቷል ወይ የሚለውን ነው።

ቶርኖ ቤት

የመምህሩን ጥያቄ ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ እዚያው ጋራዥ ውስጥ መመለስ ይቻላል። በመጀመሪያ ክሮሙ የተላጠበትን ቦታ በቤንዚን አጽድተው አዲስና ስለታም ሞረድ በቀስታ ያስኬዱበት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ እያንሸራተተ ካለፈ ከሥር ያለው ብረት የጠጠረ ነው፤ ነክሶ ብናኝ ካወጣ ግን ለስላሳ ነው። ድምፁም ይለያል፤ በጠጠረው ላይ ቀጭን ጩኸት ያሰማል፣ በለስላሳው ላይ ግን ድምፁ ደብዘዝ ይላል።

ቀጥሎ ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት ጨው በውሃ አሟሙተው ጥቂቱን በጥጥ እየነከሩ ያልተላጠ በሚመስለው የክሮም ገጽ ላይ ይቀቡ። ክሮሙ ደህና ከሆነ ቀለሙ አይለወጥም፤ ስንጥቁ እስከ ብረቱ የዘለቀበት ቦታ ካለ ግን ብረቱ መዳቡን ስለሚስበው በደቂቃዎች ውስጥ ቀላ ያለ ነጥብ ወይም መስመር ይታያል። ምርመራው ካለቀ በኋላ በደንብ ታጥቦ ዘይት ይቀባ፤ አለበለዚያ ራሱ ዝገት ይጀምራል።

ለቀጥታነቱ ሮዱን በሁለት ቪ ብሎክ (የቪ ቅርጽ ባለው መደገፊያ) ላይ አስቀምጠው ዲያል ጌጁን (ባለ መርፌ መለኪያውን) መሐሉ ላይ አሳርፈው በእጅ ያዙሩት። መርፌው የሚጓዘው ርቀት ግማሹ የመጣመሙ መጠን ነው። ይህን ሳያደርጉ ክሮም ማስለበጥ የተጣመመን ነገር ማሳመር ብቻ ነው።

የካባ ጥገና

ሁሉንም አድርገናል። ሞረዱ በብየዳ በተሞላው ቦታ ላይ በቀላሉ ነከሰ፤ ከዚያ ውጭ ባለው የተላጠ ክፍል ላይ ግን አንሸራተተ። በመዳብ ሰልፌቱ፣ ለዓይን ደህና በሚመስለው ክሮም ላይ የሮዱን ርዝመት አቋርጠው የሚሄዱ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ወጡ፤ እነዚህም የሚበዙት በሮዱ የታችኛው ጎን ላይ ነው። በዲያል ጌጁ ሲለካ ጥመቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የጃኩን ግላንድ (ሮዱ የሚወጣበትን የሲሊንደሩን ክዳን) ስንፈታ ደግሞ በውስጡ ያለው ቡሽ (መንሸራተቻ ቀለበት) በአንድ ጎኑ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፤ የቡሙ ፒንና ቡሽም መልቀቁን በዚያው አይተናል።

የማሽን ዲዛይን መምህር

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ተደራርበዋል ማለት ነው። በብየዳው ላይ ክሮሙ የተላጠው የሚያርፍበት ጠጣር መሠረት ስላጣ ነው። ብየዳው የኢንዳክሽኑን ንብርብር አሙቆ አለስልሶታል፣ የተሞላውም ብረት ራሱ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ግን ከወርክሾፑ ሥራ ጋር አይገናኝም። ርዝመቱን አቋርጠው የሚሄዱት ቀይ መስመሮች ሮዱ ሲለመጥ ክሮሙ መሰንጠቁን ያሳያሉ። ጃክ የተሠራው በርዝመቱ ለመግፋትና ለመሳብ እንጂ በጎን እንዲጫኑት አይደለም። ፒኑ ሲላላና ሮዱ ሲጣመም፣ ሮዱ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በግላንዱ ላይ በጎን ይደገፋል፤ ያን ጊዜ ለስላሳ ሊሆን የሚገባው መንሸራተት በጠባብ ቦታ ላይ የተከማቸ ከባድ ጫና ይሆናል።

ክሮሙን በእጥፍ የማወፈር ሐሳብ ይህን ያባብሰዋል ብዬ አምናለሁ። ክሮም በመታጠቢያው (በመለበጫው ፈሳሽ ገንዳ) ውስጥ ሲጠራቀም ራሱን በራሱ የሚስብ ውጥረት ይፈጠርበታል፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች የሚበዙበትም ውጥረቱ በየጊዜው ስለሚለቀቅ ነው። ቀጭን ሲሆን ስንጥቆቹ ዘይት ይይዛሉና ለሲሉ ጠቃሚ ናቸው። ወፍራም ሲሆንና ከሥሩ ያለው ብረት ሲለመጥ ግን ስንጥቆቹ እርስ በርስ ተያይዘው ውሃ እስከ ብረቱ ያስገባሉ፤ ዝገቱም ከሥር እያበጠ ክሮሙን ያነሣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉዳዩ አዘውትሮ ስለሚዘነጋ ነው። በክሮም መታጠቢያ ውስጥ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ክሮም በማከማቸት ላይ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ቀሪው ሃይድሮጅን ያመነጫል፣ ከፊሉም ወደ ብረቱ ይገባል። በጣም የጠጠረ ብረት ሃይድሮጅን ሲገባበት ሳይታሰብ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ከልባጡ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ምድጃ ገብቶ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለረጅም ሰዓት መጋገር አለበት። ሙቀቱ የኢንዳክሽኑን ጠጣርነት እንዳያወርድ ብረቱ ከጠጠረ በኋላ ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ አስቀድሞ የተሞቀበትን ሙቀት (ቴምፐሪንግ) ማለፍ የለበትም። ወርክሾፑን ይህን ሥራ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የርጭት ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ፤ ጀርመን አገር በሙቀት ርጭት ልባጥ ሥራ ላይ ተሰማርቼ እገኛለሁ። በቀረበው ሁለተኛ ሐሳብ ላይ ብናገር ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ይህ ርጭት ነዳጅና ኦክስጅን በጠመንጃው ክፍል ውስጥ ተቃጥለው የሚፈጥሩትን ፈጣን ጋዝ በመጠቀም የካርባይድ ዱቄቱን በሴኮንድ ከ500 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት በብረቱ ላይ የሚያላትም ነው። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም፤ ለስልሶ በግጭቱ ኃይል ይነጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ የምንረጨው 86 በመቶ ተንግስተን ካርባይድ፣ 10 በመቶ ኮባልትና 4 በመቶ ክሮሚየም ያለበትን ዱቄት ሲሆን፣ በደንብ ከተሠራ የአየር ቀዳዳው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ከብረቱ ጋር ያለው ትስስርም በሙጫ ተጣብቆ ሲሳብ ከልባጡ በፊት ሙጫው የሚለቅበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ሃይድሮጅን ስለማያስገባ የአውሮፕላን ማረፊያ እግሮች ላይ የክሮምን ቦታ በስፋት ወስዷል። ለዚህ ለውጥ ሌላው ምክንያት የሠራተኛው ጤና ነው። የክሮም መታጠቢያው ጭስ ካንሰር የሚያስከትለውን ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም የያዘ ስለሆነ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ከልክሏል። አገር ቤት ክሮም የሚለብጡ ወጣቶች ያለ ጭስ መሳቢያ፣ አንዳንዴም በባዶ እጅ መታጠቢያው ላይ ሲጎነበሱ ማየት እጅግ ያሳስበኛል፤ ሥራ የምትሰጡ ሰዎች ይህንንም አብራችሁ ጠይቁ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ሮድዎን ወደ ውጭ እንዲልኩ አልመክርም። ካርባይድ በአቧራና በአሸዋ መፋቅን ከክሮም እጅግ በተሻለ ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ እርሱም ተሰባሪ ነው። በሚለመጥ መሠረት ላይ ቢረጭ ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ንብርብር በሰፊው ሊነሣ ይችላል፤ የሚነሣውም ቅርፊት ከክሮም ቅርፊት ይልቅ ሲሉንና ሲሊንደሩን ይቆርጣል። በተጨማሪ የሚሞረደው በአልማዝ ድንጋይ ብቻ ነው፤ በመጨረሻም በአልማዝ ወረቀት መለስለስ አለበት። ይህ ካልተደረገ የወጡት የካርባይድ ቅንጣቶች ሲሉን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ችግሩ ያለው ልባጡ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ስለሆነ ውድ ልባጥ አይፈታውም።

ነባር በያጅ

ልጆቼ፣ ስለ ጃኩ መምህሩና የጀርመኑ ወንድማችን የተናገሩት በቂ ነው። እኔ ስለ ባኬቱና ስለ ክሬሸር መዶሻው ልናገር፤ ጠያቂው አያይዘው ስላነሡትና በየካባው ገንዘብ በከንቱ ሲፈስ የማየው በዚያ ስለሆነ ነው።

በባኬት ከንፈር ላይ የምንሞላው የክሮሚየም ካርባይድ ኤሌክትሮድ ከ55 እስከ 60 ሮክዌል ይጠጥራል። ሲቀዘቅዝ በየተወሰነ ርቀት አቋርጠው የሚሄዱ ስንጥቆች ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ብየዳው ተበላሸ ብሎ እንደገና ያስፈልጠዋል። ይህ ስንጥቅ ውጥረቱን የሚያስተነፍስ ስለሆነ በዚህ ሥራ ላይ ጤናማ ነው፤ ጉዳት የሚሆነው ወደ ባኬቱ ብረት ከዘለቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት ንብርብር በላይ አይሞላ። መጀመሪያ የሚሞላው ንብርብር ከባኬቱ ብረት ጋር ስለሚቀላቀል ካርባይዱ ይቀንሳል፤ ጥራቱ የሚወጣው በሁለተኛው ነው። ሥራው ደረቅ አፈርና አሸዋ መፋቅ ከሆነ ይህ ሙሌት ተመራጭ ነው።

መዶሻው ግን ሌላ ነው። ድንጋይ በኃይል የሚመታው አካል ላይ ያንኑ ካርባይድ የሞላ ሰው በሁለተኛው ቀን ቁርጥራጩን ከጠጠሩ ጋር ያገኘዋል። ብዙ መዶሻዎች የሚሠሩት ማንጋኒዝ ከ11 እስከ 14 በመቶ ከያዘ ብረት ነው፤ እንግሊዛዊው ሐድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 የፈለሰፈው ነው። አዲስ ሲሆን ከ200 ብሪኔል (ይህም የጠጣርነት መለኪያ ነው) ብዙም ያልበለጠ ለስላሳ ብረት ነው፤ በሥራ ላይ እየተመታ ግን ገጹ 500 ይደርሳል፣ ውስጡም ያው ለስላሳና የማይሰበር ሆኖ ይቆያል። ጠጣር ገጹን በራሱ የሚያመርት ብረት ማለት ነው። ይህን ብረት እንደ ሌላው ብረት አስቀድሞ ማሞቅ ስህተት ነው። ከ260 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ተሰባሪ ይሆናልና አጭር አጭር እየበየዱ፣ መሐል መሐል እያሳረፉ፣ ከብየዳው አጠገብ እጅ እስኪያስጠጋ እየጠበቁ መሥራት ነው። በራሱ ማንጋኒዝ ኤሌክትሮድ ተሞልቶ ድንጋዩ ራሱ ያጠጥረው።

ሞተር አዳሽ

በክሮም ማወፈር ላይ የተሰጠውን ፍርድ በከፊል ልቃወም። በሥራዬ የፓምፕና የትልልቅ ሞተር ዘንጎች ብዙ ጊዜ በክሮም እስከ 0.3 ሚሊሜትር ተሞልተው፣ ተሞርደውና ወደ ልካቸው ተመልሰው ለዓመታት ሲሠሩ አያለሁ። ወፍራም ክሮም በራሱ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሠራ ነበር። ለጠያቂው ቅርብና ርካሽ የሆነውን መንገድ መዝጋት አይመስለኝም።

የማሽን ዲዛይን መምህር

የተናገሩት እውነት ነው። ልዩነቱ እርስዎ የጠቀሷቸው ዘንጎች በዘይት የተከበቡ፣ ጭነታቸው በሰፊ ሜታል (የዘንግ መሸከሚያ) ላይ የተሰራጨ፣ የማይለመጡና ከሥራቸውም ያልተበየደ ብረት ያላቸው መሆኑ ነው። በዚያ ሁኔታ ወፍራም ክሮም ጥሩ ሥራ ነው። የካባው ሮድ ግን ተለምጧል፣ ተበይዷል፣ በአቧራ ውስጥም ይሠራል። ስለዚህ ወፍራም ክሮምን የማልቀበለው ለዚህ ሮድ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በጋሼ ነባር በያጅ ምሳሌ ውስጥም አለ፤ አንዱ ሙሌት በባኬት ላይ ተመራጭ፣ በመዶሻ ላይ ደግሞ አደጋ ሆኗል፤ ጠጣርነቱ ግን አልተለወጠም።

የካባ ጥገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠው ሐሳብ መሠረት ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግረን ሁለቱንም የቀረቡ አማራጮች ትተናል። በኢንዳክሽን የጠጠረና ፋብሪካ ላይ ክሮም የተለበጠ ዝግጁ ዘንግ በሜትር ስለሚገኝ፣ በልኩ አስቆርጠን የድሮውን ሮድ ጆሮ (በፒን የሚታሰረውን ጫፍ) በእርሱ ላይ ለማስበየድ ወስነናል። የግላንዱ ቡሽ፣ የቡሙ ፒንና ቡሽ አብረው ይቀየራሉ፤ በመዶሻዎቹ ላይም የማንጋኒዝ ኤሌክትሮድ ታዟል። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ጆሮው ሲበየድ ክሮሙን እንዴት እንጠብቀው? የገጹ ልስላሴስ ምን ያህል ሊሆን ይገባል?

ቶርኖ ቤት

ለብየዳው ሮዱ ብቻውን ከሲሊንደሩ ወጥቶ ይሠራ። የብየዳውን መሬት መያዣ በፍጹም ክሮሙ ላይ አያስሩ፤ ለብየዳው ቅርብ በሆነው ባልተለበጠ የዘንጉ ጫፍ ላይ ወይም በጆሮው ላይ ይታሰር። መያዣው በክሮሙ ላይ ከላላ የሚፈጠረው ብልጭታ የመርፌ ራስ የሚያህል ጉድጓድ ይተዋል፤ ያ ጉድጓድ ሲሉን በየምልሱ ይቆርጠዋል። ክሮሙ በሙሉ በእርጥብ ሳይሆን በደረቅ ወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ ከብየዳ ፍንጣሪ ይጠበቅ። የሚበየደው ጫፍ ላይ ያለው የኢንዳክሽን ንብርብር አስቀድሞ በቶርኖ ይነሣ፤ በጠጠረው ገጽ ላይ በቀጥታ የተበየደ ብየዳ ከጎኑ ይሰነጠቃል። ዘንጉ መካከለኛ ካርቦን ስላለው ጫፉ ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ተሞቆ ይበየድ፤ ከዚያም ውሃም ሆነ ነፋስ ሳያገኘው በራሱ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።

የርጭት ባለሙያ

ልስላሴውን በተመለከተ፣ ለጃክ ሮድ አማካይ ሸካራነቱ ከ0.1 እስከ 0.3 ማይክሮን ሲሆን ይስማማል። ከዚያ እየሸከረ ሲሄድ ሲሉን ይበላል፤ እጅግ ሲለሰልስም ዘይቱን የሚይዝበት ቦታ አጥቶ ሲሉ ይደርቃል፣ ይሞቃልም። በሮዱ ርዝመት አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ካለ፣ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ዘይት ያሳልፋልና እንዳይገጠም። ሲሉን ስትለውጡ የውጭውን የአቧራ መጥረጊያ ሲል አብራችሁ ለውጡ፤ በባዛልት ካባ ውስጥ ክሮሙን ከአሸዋው የሚለየው መጀመሪያ እርሱ ነው።